የውሃ ቅጠል

ይታይሽ መጀመሪያ ላይ ፍየሎቹን ትጠላቸው ነበር። የጠላቻቸው ሰብል ስለሚያጠፉ ወይም አጥር ስለሚዘሉ አልነበረም፤ ስለማይወልዱ ነበር። በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ መካከል፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ያለችው መንደራቸው ቁጥቋጦዋን ሁሉ መንጥራ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከተከለች ወዲህ ፍየል የሚቀነጥበው ቅጠል ጠፋ። ዲከረንስ ለከሰል ነው። ገበሬው በከሰሉ ቆርቆሮ ቤት ሠራበት፣ ልጁን አስተማረበት፤ ለፍየል ሆድ ግን የሚተርፍ ነገር አልነበረውም። የፍየሎቹ ጎድን ወጣ፣ ጠጉራቸው ሻከረ። ወጠጤው ሲዞራቸው ዝም ይላሉ፤ ወራት ያልፋሉ፤ ሆዳቸው ከጀርባቸው እንደተጣበቀ ይቀራል።

አንድ ቀን አማቷ እማማ ዘውድነሽ በጉረኖው በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ ለማንም ያልተናገሩ መስለው፣ "መንጋ ጠባቂውን ይመስላል" አሉ።

ይታይሽ ሰማች፤ እንዳልሰማች ሆነች። እሷ መሳፍንትን ባገባችበት ዓመት የተዳሩ ሴቶች ዛሬ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ። እሷ ያልተሳለችበት ደብር፣ ያልተጠመቀችበት ጠበል የለም። መሳፍንት ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም፤ ነገር ግን ዘመዶቹ "ምን ትጠብቃለህ?" ሲሉት ዝም እንደሚል ታውቃለች። ከአማቷ ቃል ይልቅ የሚያስፈራት ያ ዝምታ ነበር።

የልቧን የምታጫውተው ከአጥር ማዶ ላለችው ለሸጋ ብቻ ነው። ሸጋም ልጅ የላትም። ባሏ ደርበው ከሰል ያከስላል፤ ቀኑን ሙሉ ጭስ ውስጥ ውሎ ሲገባ ከጥርሱና ከዓይኑ በቀር ነጭ ነገር አይታይበትም። ሁለቱ ሴቶች ምንጭ ሲወርዱም ገበያ ሲሄዱም አብረው ናቸው። እማማ ዘውድነሽ ባሉበት ወሬያቸውን በአዊኛ ያደርጉታል፤ እማማ የቡሬ ሰው ናቸው፣ በትዳር መጥተው ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ አንዲት ቃል አዊኛ ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አዝመራው የሚባል የእንስሳት መኖ ባለሙያ በሞተር ሳይክል መጣ። ለምርምር ነው የመጣው። ፍየል ያላቸውን ሴቶች ከዋርካው ሥር ሰበሰበና ከሻንጣው አንድ ከረጢት አውጥቶ ፈታው። ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ሽታው ዓሣ ዓሣ ይላል።

"አልጌ ይባላል" አለ። "ውሃ ውስጥ የሚበቅል ነገር ነው። ይህ በንጹሕ ገንዳ ለምቶ፣ ተመርምሮ የደረቀ ነው። አንዳንድ ማንኪያ ከፉርሽካ ጋር እያሻችሁ ትሰጧቸዋላችሁ። አካሏ የዳነላት ፍየል አውራ ትፈልጋለች፤ ትፀንሳለች። መድኃኒት ግን አይደለም፤ ምግብ ነው።"

"ለሰውስ ይሆናል?" አለች ሸጋ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

አዝመራውም ሳቀ። "ለሰው የሚመረትም አለ። ይኼኛው ግን ለፍየሎቹ ነው።"

ያን ቀን የተናገረውን ሁሉ ይታይሽ ኋላ ላይ ቃል በቃል አስታወሰችው። በሰዓቱ ግን ጆሮዋ ውስጥ የገባው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ትፀንሳለች።

መንደሩ ዱቄቱን የውሃ ቅጠል አለው። ፍየሎቹ መጀመሪያ አሽትተው ሸሹ፤ ቆይተው ለመዱት፤ ከዚያ ይታይሽ ገና ጉረኖውን ስትከፍት እየተጋፉ እጇን ይልሱ ጀመር። ጠጉራቸው ለሰለሰ። ወጠጤው እንቅልፍ አጣ። ጥምቀት ሲደርስ ሆዳቸው ግራና ቀኝ ወጥቶ በጉረኖው በር አላሳልፍ አላቸው። ቦቃ የምትባለው፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሁሉም ያረጀች ናት ብሎ የተዋት ፍየል ሳትቀር ከበደች። እማማ ዘውድነሽም ይህን አዩ።

ይታይሽ ዱቄቱን መቅመስ የጀመረችው በኅዳር ነው። አስባበት አልነበረም። እጇ ላይ የቀረውን በቀሚሷ ልትጠርግ ስትል ድንገት ወደ አፏ ወሰደችው። ጨው ጨው አለ፤ አልከፋትም። በማግስቱ ፍየሎቹን ካበላች በኋላ አንድ ማንኪያ ለራሷ አስቀረች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ይታይሽም ጨንቋት ነበርና ከፍየል መኖ ተካፈለች። ማንም ሳያያት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በውሃ በጥብጣ ትጠጣው ነበር።

በየካቲት የወር አበባዋ ቀረ። ብርድ ነው አለች። በመጋቢትም ቀረ። በዚያው ሰሞን ቦቃ መንታ ወለደች፤ ሌሎቹም ተከታተሉ፤ ጉረኖው በግልገል ጩኸት ተሞላ። ይታይሽ ከመካከላቸው ቁጭ ብላ እጇን በሆዷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለመሳፍንት አልነገረችውም፤ ዓይን ይገባዋል ብላ ፈራች። የነገረችው ለሸጋ ብቻ ነው፤ ያውም ጆሮዋ ሥር ተጠግታ፣ በአዊኛ።

ሸጋ እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት። "ለእኔም ስጪኝ" አለች። እንኳን ደስ ያለሽ ሳትል ነው።

ነገር ግን ከረጢቱ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ይታይሽ ለአዝመራው ስልክ ለመደወል ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣች። ሙከራው መጠናቀቁን፣ ሌላ ዱቄት ለጊዜው እንደሌለ፣ ፍየሎቹ አሁን ከወለዱ መልካም ሣር እንደሚበቃቸው ነገራት። ስልኩን ዘጋችና እዚያው ጉብታ ላይ ቆማ ቀረች። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር በዚያ ዱቄት የቆመ መሰላት። ማገሩ የተነቀለ ቤት ሲዘም ታያት። ከረጢቱን አራገፈች፤ ጥጋጥጉን በጣቷ ጠረገች፤ አለቀ።

ከመንደሩ በታች ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ። ክረምት ማዳበሪያውን አጥቦ ያመጣለታል፤ በጋ ውሃውን ያሳንስበታል። የዚያን ዓመት ደግሞ ሙቀቱ የበረታ፣ ዝናቡ የዘገየ ነበርና ሚያዝያ ሲገባ የኩሬው ፊት ቀለም የተደፋበት ይመስል አረንጓዴ ሆነ። ይታይሽ ምንጭ ስትወርድ አየችው። ቆማ አየችው። ቀለሙ ያው ነው፤ ሽታውም ያው መሰላት።

"መሳፍንት" አለችው ባሏን፣ "የውሃ ቅጠሉ እኮ እታች ሞልቷል።"

"የቱ?"

"ኩሬው ላይ። አዝመራው ከውሃ ነው የሚገኘው አላለም? አድርቀን ብንሰጣቸው ለመጪው ጊዜም ይፀንሱልናል።"

መሳፍንት አገጩን እያሻሸ አሰበ። ፍየሎቹ መንታ መንታ ከወለዱ ወዲህ በመንደሩ ስሙ ተነሥቶ ነበር፤ ሰው ገበያ ላይ እያስቆመ "ምን አበላሃቸው?" ይለዋል። ሐሳቡን ወደደው። በማግስቱ ጄሪካን በፈረሱ ጭኖ፣ አሮጌ ነጠላ ለማጥለያ ይዞ ወረደ፤ ይታይሽም ተከተለችው። ፈረሱ ኩሬው ዳር ሲደርስ አንገቱን መልሶ አልጠጋም አለ። ቢጎትቱትም እምቢ አለ። ወትሮ በዚያ ሰሞን የሚያደነቁረው የእንቁራሪት ድምፅ የለም። ከዳሩ ጭቃ ላይ አንዲት ዳክዬ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ወድቃለች። መሳፍንት በበትሩ ገፋ አደረጋትና "ውሻ ይሆናል" አለ። ይታይሽ የውሻ ንክሻ ፈለገች፤ አላየችም። ነጠላውን ዘርግታ ያዘችለት፤ እሱ ቀዳ፤ ውሃው ሲወርድ አረንጓዴው እንደ አጓት ዝቃጭ ነጠላው ላይ ቀረ።

ቆርቆሮ ላይ አስጥተውት ሲደርቅ እማማ ዘውድነሽ ከቤት ወጡ። ተጠግተው አሸተቱት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ይህን ከየት አመጣችሁት?"

"ከኩሬው ነው እማማ" አለች ይታይሽ።

"ከዚያ ኩሬ? እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ ኩሬው አረንጓዴ ሲለብስ ከብት አናስጠጋም ነበር። የአማቴ ጊደሮች ከዚያ ጠጥተው ነው የወደቁት። ድፉት!"

ቃሉን የተናገረ ሌላ ሰው ቢሆን ይታይሽ ትሰማው ነበር። ሸጋ ብትሆን፣ የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ብትሆን፣ መንገደኛም ቢሆን ትሰማው ነበር። ግን እማማ ዘውድነሽ ናቸው። ጉረኖው በር ላይ ቆመው የተናገሩት ነገር ገና ከሆዷ አልወጣም። እኚህ ሴት እኔ ባዶ እንድሆን ነው የሚፈልጉት ብላ አሰበች፤ ፍየሎቹም እኔም።

"ሲመክኑም አልወደዱልን፣ ሲወልዱም አልወደዱልን" አለቻቸው። በሕይወቷ ለአማቷ እንዲህ መልሳ አታውቅም።

እማማ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ልጃቸውን አዩት። መሳፍንት በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "የጥንት ነገር ነው እምዬ። ይህን እኮ የተማረ ሰው ነው ያመጣልን።"

እማማ ዘውድነሽ ዱላቸውን ነቅለው ገቡ።

ዱቄቱ የተወቀጠ ዕለት ወደ ማታ ሸጋ በአጥሩ ቀዳዳ መጣች። ይታይሽ አንድ ጭብጥ ያህል በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት። "ትንሽ ትንሽ ውሰጂ፣ ደርበው እንዳያይሽ" አለቻት። ሸጋ ቋጠሮውን በጡቷ መካከል ሸጉጣ እየሳቀች ሄደች። ይታይሽ ለመጨረሻ ጊዜ ስትስቅ ያየቻት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ይታይሽ ፉርሽካውን አሽታ ለፍየሎቹ ሰጠች። እየተጋፉ በሉ። ለራሷ ያስቀረችውን በጥብጣ ጎንጨት አለች። መረራት። የፊተኛው እንዲህ አልነበረም፤ ይኼኛው ምላስ ያደነዝዛል። ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው። ገና ጣሳውን ሳታስቀምጥ ሆዷ ተገለበጠ፤ በእርግዝናዋ ምክንያት ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ያስመልሳት ነበር፤ አሁንም ከግድግዳው ሥር ተንበርክካ አስመለሰች። አቃጠላት እንጂ አልደነገጠችም። አፏን ጠረገችና ጉረኖው ደጃፍ ላይ ለማረፍ ተቀመጠች።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ዳልቻዋ ፍየል መንገዳገድ ጀመረች። እግሮቿን አንፈራጥጣ ቆመች፤ ለሃጯ ተዝረበረበ፤ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ግንድ በጎኗ ወደቀች። ይታይሽ ብድግ አለች። ሌላዋ አንገቷን ወደ ኋላ ቆለመመች። ወጠጤው ግድግዳውን በቀንዱ መታ፣ ደገመ፣ ተንበረከከ። ቦቃ ከሁሉ ዘግይታ ወደቀች፤ መንታዎቿ ዱቄቱን አልቀመሱም ነበርና ደኅና ናቸው፤ የምትንፈራገጠውን እናታቸውን ጡት እየገፉ ይፈልጋሉ።

"መሳፍንት! ኧረ መሳፍንት!"

መሳፍንት ከማሳው ሮጦ መጣ፤ እማማ ዘውድነሽም ወጡ። መሳፍንት ወደ ፍየሎቹ ሮጠ። እማማ ግን ወደ ፍየሎቹ አላዩም። ወደ ይታይሽ መጡና አገጯን በእጃቸው ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃን አዞሩት። ከከንፈሯ ጥግ ላይ አረንጓዴው ደርቋል።

"በልተሻል?" አሏት። በአዊኛ ነው የጠየቋት፤ አጥርተው፣ እዚያው እንደተወለደ ሰው።

ይታይሽ መሬት የተከፈተች መሰላት። ይህን ሁሉ ዓመት ያወሩት፣ ያሙት፣ ያለቀሱት ሁሉ ተሰምቷል ማለት ነው። "አዎ እማማ" አለች።

"ስንት ጊዜ?"

"ይኼኛውን ዛሬ ነው። አስመልሶኛል። የፊተኛውን ግን ከኅዳር ጀምሮ... እማማ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ።"

እማማ ዘውድነሽ አገጯን አልለቀቁም። አንዳች ነገር በፊታቸው ላይ አለፈ፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ ይታይሽ መለየት አልቻለችም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው እንደ ጎልማሳ ሰው ጮኹ፤ "ፍየሉን ተወው! ለፍየሉ አልቆለታል! ሚስትህን ወደ መንገድ አውጣ!"

አስፋልቱ ላይ ከሰል የጫነ አይሱዙ አቆሙና ከሾፌሩ ጎን አስገቧት። ዳንግላ እስኪደርሱ እማማ እጇን ይዘው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ይጸልያሉ። ይታይሽ ጆሮዋ ይጮኻል። መኪናው ከከሰል ጭስ ውስጥ ወጥቶ ወደ ሜዳው ሲወርድ ነው ሸጋ ትዝ ያለቻት።

"ሸጋ" አለች። "ሸጋ! ለሸጋ ሰጥቻታለሁ!"

መሳፍንት እላይ፣ ከከሰሉ ጆንያ ላይ ነበር። ሾፌሩ አቆመለት፤ ወርዶ ሰማ፤ ስልክ ሞከረ፤ የደርበው ስልክ አይሠራም። በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ የሚሄድ ሚኒባስ ለምኖ ተመለሰ።

ሐኪሙ ይታይሽን መረመራት፣ ግሉኮስ ተከለላት፣ እንድታድር አዘዘ። ያስመለሰችው እንዳተረፋት ነገራት። ሕፃኑን በሚመለከት ግን "ልቡ ይመታል፤ ከዚህ በላይ አሁን ልነግርሽ አልችልም። እያየን እንሄዳለን" አለ። እማማ ዘውድነሽ ያን ሲሰሙ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ።

መሳፍንት በማግስቱ ጠዋት ፊቱ ፈክቶ መጣ። "ሸጋ ደኅና ናት። በደርበው ፊት ጠየቅኋት፤ እኔ ምን ብዬ የፍየል መኖ እበላለሁ? ደፍቼዋለሁ አለችኝ። ሳቀችብኝ እኮ።"

ይታይሽ በደርበው ፊት የሚለው ቃል ልቧን ቆረቆራት። ነገር ግን ማመን ፈልጋ ነበርና አመነች።

ቤቷ ስትመለስ መሳፍንት ፍየሎቹን ከዲከረንሱ ማዶ ቀብሯቸው ነበር። ሸጋን ለብቻዋ አገኘቻት፤ መደብ ላይ ጋደም ብላለች።

"እውነቱን ንገሪኝ። በልተሻል?"

ሸጋ ወደ በሩ አየች። "ያን ዕለት ማታ። በማግስቱም ጠዋት፣ መሳፍንት ከመምጣቱ በፊት። ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ እንጂ ይኸው አለሁ። እባክሽ ለደርበው እንዳትነግሪብኝ።"

"ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ምን ብዬ? የፍየል መኖ በላሁ ብዬ? አገር ይስቅብኝ? ማይልኝ፣ ይታይሽ። በልጅሽ ማይልኝ።"

ይታይሽ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ማለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ያን መሐላ ማለች።

ጥቂት ቀን አለፈ። ሸጋ ምንጭ ስትወርድ እየተቀመጠች ማረፍ ጀመረች። ምግብ ሸተተኝ አለች። አንድ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ስትታይ የዓይኗ ነጭ እንደ ሽንብራ ሊጥ ቢጫ ሆኖ ነበር። "የወፍ በሽታ ነው" አሉ ጎረቤቶች፤ ደርበውም መድኃኒት አዋቂ ፈልጎ አመጣ፤ አዋቂው ሥር ቀጥቅጦ ሰጣት። ይታይሽ ያን ዕለት ሳትናገር ዋለች፤ በማግስቱም ዋለች። መሐላዋ አንቆ ያዛት። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር እንዳይቀጣ ፈራች። በሦስተኛው ቀን እማማ ዘውድነሽ ገበቴውን ከእጇ ተቀበሏት።

"ምንድን ነው የምትደብቂው?"

ነገረቻቸው። እማማ አዳምጠው ሲጨርሱ ነጠላቸውን አደገደጉ። "መሐላ የቆመ ሰው ነገር ነው፤ እሷ እየሞተች ነው። ተነሺ።"

ደርበውን ከሰል ጉድጓዱ አጠገብ አፈር ሲመልስ አገኙት። ይታይሽ ስትነግረው አካፋውን አልጣለም። እያዳመጠ አፈሩን መለሰ፣ መለሰ፣ ከዚያ ቆመ። ወደ ቤቱ ሮጠ። ሸጋን በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ አወጧት፤ ዳንግላ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወሰዷት። ይታይሽ እስከ መኪናው ድረስ ተከተለቻት። ሸጋ ዓይኗን ከፍታ አየቻት፤ ማወቋንና አለማወቋን መለየት አይቻልም ነበር።

ሬሳዋ የመጣው ዝናብ በጣለ ዕለት ነው።

አዝመራው ወሬውን ሰምቶ መጣ። ለቅሶ ደርሶ ሲያበቃ ወደ ኩሬው ወረደና በጠርሙስ ቀድቶ ወሰደ። ተመልሶ ሲመጣ ወንዶቹን ሰብስቦ ነገራቸው። "አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። እንክርዳድና ስንዴ ከአንድ ማሳ ይበቅላሉ። ያ ምግብ ነበር፤ ይህ ጉበት የሚበላ መርዝ ነው። እኔም በዓይኔ አልለየውም፤ በመሣሪያ ነው የሚለየው።" ይህን ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ደርበው ከአርባው በኋላ መጣ። ታጥቦ ነበር፤ ያለ ጥላሸት ሌላ ሰው ይመስላል። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "እኔ እኮ ልጅ አምጪ ብዬ አላውቅም። አንድም ቀን። ታዲያ ለምን?"

ይታይሽ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ በነጠላዋ ልትሸፍነው ሞከረች። "አንተ አልጠየቅሃትም" አለችው። "ሌላው ሰው ሁሉ ግን ጠይቋታል።"

ደርበው ራሱን ነቀነቀ። ከውስጥ እማማ ዘውድነሽ ይህን ሰምተው ኖሮ የሚፈትሉት እንዝርት ቆመ።

ሕፃኑ በጥቅምት ተወለደ። ወንድ ነው። ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ ጉድለት አላገኘሁበትም አለ። ከዳንግላ ሲመለሱ እማማ ዘውድነሽ አቀፉት እንጂ እልል አላሉም፤ ይታይሽም አልጠበቀችም። ጡት ስታጠባው ቀን በመስኮቱ ብርሃን የዓይኑን ነጭ እያየች ነው፤ ዛሬም አየችው፣ ነገም ታየዋለች። መሳፍንት ከሸጋ ቀብር በኋላ ኩሬውን በእሾህ አጥሮት ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ሰው እሾሁን እየነቀለ ለማገዶ ወሰደው።

ወሬ ግን እግር አለው፤ እግሩም አንድ ብቻ ነው፤ መውለዷን እንጂ የሸጋን ሞት አላደረሰም። በመጋቢት፣ ሙቀቱ በተመለሰበት ሰሞን፣ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ከግምጃ ቤት ከተማ እንደመጣች፣ በሚኒባስም በእግርም እንደደረሰች ተናገረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"በውሃ ቅጠል የወለደችው ሴት አንቺ ነሽ?"

ይታይሽ አስገባቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት። ሕፃኑን ታቅፋ ሁሉንም ነገረቻት። ፍየሎቹ እንዴት እንደወደቁ ነገረቻት። ሸጋን ነገረቻት፣ የዓይኗን ቀለም፣ ሬሳዋ የመጣበትን ቀን። ሐኪሙ ፅንሱ ከዱቄቱ መሆኑን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ ስንት ሴት ከዓመታት በኋላ እንዲሁ እንደምትፀንስ የነገራትን ነገረቻት። ሴትዮዋ በጨዋነት "እሺ፣ እሺ" ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከሕፃኑ ላይ አልተነቀለም። እግሩን አየች፤ ጣቶቹን አየች።

"ሰማሽኝ?" አለቻት ይታይሽ።

"ሰማሁ፣ እህቴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" ብድግ አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። "ግን አንቺ ወልደሻል" አለችና ወጣች።

ይታይሽ በሩ ላይ ቆማ ሸኘቻት። ወደ አስፋልቱ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። ሴትዮዋ ግራና ቀኝ አየች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በእጇ ያዘች፤ ከዚያም ቁልቁል፣ ዲከረንሱን አቋርጦ ወደ ኩሬው ወደሚወርደው ቀጭን መንገድ ታጠፈች።

ይታይሽ ሕፃኑን በጀርባዋ አዘለች፣ አንቀልባውን አጠበቀች፣ እየጮኸችም ተከተለቻት።